የሩብ ሰዓት ስፌት

እንደምን አላችሁ? ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁም አትጨነቁ፣ ይሯሯጡ። ስለ እነሱ እያወራን እነሱን ዝም በሉ ማለት አይሆንም።

እቤት እሰፋለሁ ስል የሚከተለው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው። «ጊዜው ከየት ይመጣል?» እኔ ጊዜስ አለ ባይ ነኝ። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ጊዜ አለ፤ ብቻ ብጥስጣሽ ነው። እዚህ አሥር ደቂቃ፣ እዚያ ሩብ ሰዓት። ልጁ ሲተኛ አርባ ደቂቃ፣ እሱም ከቀናችሁ። ስፌትን ግን የምንማረው ከሰዓቱን ሙሉ ነፃ እንደሆነ ሰው ነው። «ዛሬ ቀሚስ ልስፋ» ብለን እንቀመጣለን። ጨርቁን ዘርግተን ሳንጨርስ «ሽንቴ መጣ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ቀሚሱ ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተጥሎ ይከርማል።

ስለዚህ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው። ስታቅዱ መቋረጡንም አብራችሁ አቅዱት። ሌላው ሁሉ፣ የጨርቁ ምርጫም፣ የልብሱ ዓይነትም፣ የልጁ ድርሻም ከዚህ ይመጣል።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርቴሌሚ ቲሞኒዬ የስፌት መኪናውን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤልያስ ሃው በ1846፣ አይዛክ ሲንገር ደግሞ በ1851 የየራሳቸውን የፈጠራ መብት አወጡ። መኪናው ገበያ ላይ ሲስፋፋ ሻጮቹ የሚያወጡት ንጽጽር ነበር። አንድ የወንድ ሸሚዝ በእጅ 14 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ በመኪና ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይበቃዋል ይሉ ነበር። የሻጭ ቁጥር ነው፣ እናም በልኩ እንመነው። ቢሆንም መኪናው መስፋቱን በጣም እንዳፋጠነው አያከራክርም። መለካቱን ግን አላፋጠነውም። መቁረጡን፣ መተኮሱን፣ የተሳሳተውን መተርተሩን ለእኛው ነው የተወልን። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ የሚቋረጡት እነዚህ ናቸው።

በምሳሌ እንየው። የሦስት ዓመት ልጅ ሱሪ እንስፋ፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ። ቁራጩ ሁለት ብቻ ነው፤ ለአንድ እግር አንድ። የጎን ስፌት የለውም። መጀመሪያ የእያንዳንዱን እግር ውስጠኛ ስፌት መግጠም ነው። ከዚያ አንዱን እግር የውጭ ፊቱ እንዲታይ ገልብጦ ሌላው ውስጥ መክተት፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚዞረውን ስፌት መስፋት። ወገቡን አጥፎ ላስቲክ ማስገባት። የእግሩን ጫፍ ማጠፍ። አለቀ።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ውስጠኛው ስፌት 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የመኪናውን ስፌት ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር ላይ ብታደርጉት፣ መርፌው ጨርቁን የሚወጋው 160 ጊዜ ነው። የቤት መኪና በሙሉ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ600 እስከ 1,000 ስፌት ይሰፋል። ቀስ ብላችሁ ብትነዱት እንኳ ደቂቃ አይሞላም። ሱሪው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የሚበላው ታዲያ በምንድን ነው? መቀስ በመፈለግ፣ ቦታ በማጽዳት፣ ጨርቁን በማስተካከል፣ «የቱ ነበር የፊቱ?» በማለት ነው።

ስለዚህ ሱሪውን ቆራርጣችሁ ያዙት። ሰኞ ጨርቁን ማጠብ ብቻ። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ እስከ 5 በመቶ ሊያጥር ይችላል። ይህ ማለት አንድ ሜትሩ 95 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ሳይታጠብ የተሰፋ ሱሪ አንዴ ታጥቦ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቀራል። በሌላ ቀን ልኩን ወረቀት ላይ ማንሳት። በሌላ ቀን መቁረጥ። መቁረጥ የማይቋረጥ ሥራ ስለሆነ ልጁ ሲተኛ ወይም ሌላ ሰው ሲይዘው ይሁን። አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥ የሚባለው በተለይ «እይ፣ እይ!» እየተባለ ለሚቆርጥ ሰው ነው።

የተቆረጠው ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ይግባ። ክሩም፣ ላስቲኩም፣ መርፌ ቁልፉም አብሮ። እላዩ ላይ ብጣሽ ወረቀት አድርጉ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ ጻፉበት። «የቀኙ እግር ተገጥሟል፣ ግራው ይቀራል።» ይህች ወረቀት ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ትበልጣለች። ሦስት ቀን ቆይታችሁ ስትመለሱ ደርሳችሁ የነበረበትን ለማስታወስ ሩቧን ሰዓት አትፈጁም። ያላችሁ ደግሞ እሷው ሩብ ሰዓት ናት።

ስፌት መሀል ከተጠራችሁስ? መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ ተዉት፤ ስፌቱ ከቦታው አይንሸራተትም። ግን መኪናውን አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ፔዳሉን አንስታችሁ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። ሰው ሁሉ የሚፈራው መርፌውን ነው። ልጅ ግን ከጠረጴዛው ሥር ነው የሚውለው፣ እዚያ የሚያገኘው ደግሞ ፔዳሉን ነው። እናንተ ክር እያስገባችሁ እሱ ከታች ቢረግጠው የሚወጋው የእናንተ ጣት ነው።

ካውያ ለብቻው ይነሳ። እውነቱን ለመናገር ከስፌት ዕቃ ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያቃጥላል፣ ገመዱም ተንጠልጥሎ ልጅን «ሳበኝ፣ ሳበኝ» ይላል። ልጁ በእግሩ እየሄደ ከሆነ ካውያውን አታሙቁ። የሚተኮሰውን አጠራቅማችሁ በአንድ ጊዜ ተኩሱ። እስከዚያ ስፌቱን በጥፍር ወይም በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን ብታደርጉት ለጊዜው ይተኛል። ስፒልም ቢሆን የልብስ መቆንጠጫ ቢተካው ይሻላል። መቆንጠጫ ወለል ላይ ቢወድቅ ይታያል፣ ቢረገጥም አይወጋም።

ጨርቅ ላይ ብዙ አልቆይም። የሚያንሸራትት ሳቲን፣ የሚለጠጥ ስስ ጨርቅ፣ ቬልቬት፣ እነዚህ ሳይቋረጥ ለሚሰፋ ሰው ናቸው። ከእጃችሁ ስታወጧቸው ቦታቸውን ይለቃሉ። መካከለኛ ውፍረት ያለው ጥጥ ግን አጥፋችሁ ያስቀመጣችሁት ቦታ ይጠብቃችኋል። መርፌውም ልክ አለው። መርፌው ላይ 80 የሚል ቁጥር ካለ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለስስ 70፣ ለመካከለኛ ጥጥ 80፣ ለጂንስ 90 ወይም 100። ለሚለጠጥ ጨርቅ ጫፉ ዶልዶም ያለ መርፌ ተጠቀሙ፤ ክሩን ሳይበጥስ በመሀሉ ያልፋል። መኪናው «ስፌት እየዘለለ አስቸገረኝ» የምትሉ ካላችሁ ጥገና ከመውሰዳችሁ በፊት መርፌውን ቀይሩ። ብዙ ጊዜ ጣጣው ያ ብቻ ነው።

ሌላ የድምፅ ነገር አለ። ልጅ ተኝቶ ስትሰፉ ጠረጴዛው ራሱ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ከመኪናው ሥር የጎማ ምንጣፍ ወይም ወፍራም ፎጣ አንጥፉ።

እንግዲህ ወደ ልጁ ልምጣ።

የልጅ ልብስ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚታሰበው ማማሩ ነው። እኔ የማስቀድመው ልጁ ራሱ ሊለብሰው መቻሉን ነው። ልጆች ማውለቅን ከመልበስ ቀድመው ነው የሚችሉት። ካልሲ ጎትቶ የሚጥል ልጅ ካልሲውን መልሶ ለማጥለቅ ገና ብዙ ይቀረዋል። ላስቲክ ያለው ሱሪ ዝቅ ማድረግ ሁለት ዓመት አካባቢ ይጀምራል። ከፊት ያሉ ትልልቅ ቁልፎችን መቆለፍ ሦስትና አራት ዓመት ላይ ይመጣል። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ከከፈተች በኋላ ለዚሁ ሲባል የእንጨት ክፈፍ አዘጋጅታ ነበር። ክፈፉ ላይ ሁለት ጨርቅ ተወጥሮ መሀሉን ልጁ በቁልፍ ወይም በማሰሪያ ይዘጋዋል። እቤት ይህን መሥራት ይቻላል። አሮጌ ሸሚዝ ቁልፍ ያለበትን ፊቱን ቆርጣችሁ ትራስ ላይ ስፉት። ልጁ ጠዋት ሰው እየቸኮለ ሳይሆን በራሱ ሰዓት ይለማመድበታል።

ስትሰፉም ይህን አስቡ። ሽንት ቤት መቀመጥ የሚለማመድ ልጅ ዚፕና ቁልፍ ያለው ሱሪ አያስፈልገውም። ላስቲኩ በቀላሉ ይለጠጥ፣ ኪሱ ፊት ለፊት ይሁን፣ የኋላው ወገብ ላይ በደማቅ ክር ምልክት አድርጉለት። የቱ ፊት የቱ ኋላ እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል። ውስጡንም በጣታችሁ ዳስሱት። የሚኮሰኩስ ስፌት ካለ ልጁ «አልለብስም» ይላል። እናንተ እልኸኛ ነው ትላላችሁ፣ እሱ ግን አንገቱን እያሳከከው ነው። ጨርቁን ከመቁረጣችሁ በፊት ጉንጩ ላይ አድርጉለት። ቀለም ሲመርጥም ሁለት አቅርቡ። አሥር ካቀረባችሁለት ከሰዓታችሁ እዚያው አለቀ።

ማድረግ የሌለባችሁን ደግሞ በግልጽ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ማማር ያታልላል። ኮፍያ ላይ የሚጎተት ገመድ አታድርጉ። የአውሮፓ የልጆች ልብስ ደረጃ፣ ኢኤን 14682 የሚባለው፣ እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች በኮፍያና በአንገት አካባቢ የሚታሰር ገመድ አይፈቅድም። መንሸራተቻ ላይ ወይም በር ላይ ከተያዘ አንገት ያንቃል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ተነቅሎ አፍ ሊገባ የሚችል ነገር አታድርጉ። የአሻንጉሊት መመርመሪያ የሆነችው ትንሽ ሲሊንደር ስፋቷ 3.17 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ውስጧ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ዕቃ ለዚያ ዕድሜ አይሆንም። እቤት የሶፍት ጥቅል መሀል ያለውን ካርቶን ተጠቀሙ። ትንሽ ሰፋ ስለሚል የባሰ ጥንቃቄ ነው።

አሻንጉሊት ስትሠሩ ታዲያ ዓይኗን በቁልፍ አትሥሩት፣ በክር ጥለፉት። ኪሮሽ የምትሠሩም እንዲሁ። ዙሩን ጠበቅ አድርጉ፣ ሙሌቱ በቀዳዳ እንዳይወጣ።

አራስ ላለበት ቤት ስጦታ የምትሰፉ አላችሁ መሰለኝ። የአልጋ ዙሪያ ትራስ አትስፉ። ሲታይ ያምራል፤ ሕፃን ግን ፊቱን ቀብሮበት ሊታፈን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ሕግ መሥራቱም መሸጡም ተከልክሏል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን የሚተኛበት ቦታ ላይ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ለስላሳ አሻንጉሊት አይቀመጥም፤ የሕፃናት ሐኪሞች የሚሉት ይህንኑ ነው። መስፋት ካማራችሁ ለሃጭ መያዣ ስፉላቸው። ሩብ ሰዓት ነው፣ ቁራጭ ጨርቅ ይበቃዋል፣ ደግሞ ቢበዛም ቶሎ ያልቃል።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል። ልጁ ራሱ ምን ይሥራ?

«አንቺ ተጫወቺ፣ እኔ ልስፋ» የሚለው ስምምነት አይጸናም። እቤት ውስጥ ከሁሉ የሚስበው መጫወቻ እናንተ የያዛችሁት ነገር ነው። ስለዚህ ድርሻ ስጡት። ሐሳቡ የቆየ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሬበል እ.ኤ.አ. በ1837 የትንንሽ ልጆች ተቋሙን ሲጀምር ኋላ ላይ ካስገባቸው የእጅ ሥራዎች መካከል ካርቶን በስቶ በክር መስፋትና ወረቀት መሸመን ነበሩ። ያ ነገር ዛሬም እቤት ይሠራል። ወፍራም ካርቶን ቁረጡ፣ ዙሪያውን በወረቀት መብሻ ብሱት፣ የጫማ ማሰሪያ ስጡት። የማሰሪያው ጫፍ ደረቅ ስለሆነ መርፌ አያስፈልገውም።

ልጄ ሦስት ዓመቷ አካባቢ ይህን ስትሠራ ቁጭ ብዬ አይቻታለሁ። ማሰሪያውን ከላይ ታስገባለች። ከሥር ትጎትተዋለች። ከሥር መልሳ በሚቀጥለው ቀዳዳ ማውጣት ሲገባት፣ በካርቶኑ ጠርዝ አዙራ እንደገና ከላይ ታስገባዋለች። እንዲህ እያለች ጠርዙን በሙሉ ጠቀለለችው። ላርማት እጄን ዘርግቼ ተውኩት። ደግሞም ስታስቡት እሷ የሠራችው እኛ የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የምንሠራውን ነው። ልጆች አብዛኞቹ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚሰፉት። ወደ ላይና ወደ ታች የሚለው በኋላ ራሱ ይመጣል።

መቀስ ሦስት ዓመት ላይ ይጀመራል፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ የልጅ መቀስ። መጀመሪያ ወረቀት መነጨት ብቻ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ተከትሎ መቁረጥ አራት ዓመት አካባቢ ይመጣል። ጨርቅ ግን አትስጡት፤ በደነዘ የልጅ መቀስ ጨርቅ አይቆረጥም፣ ይታኘካል፣ ልጁም ይናደዳል። አራትና አምስት ዓመት ላይ ጫፉ ዶልዶም ያለ ትልቅ መርፌና ሳሳ ያለ ሸካራ ጨርቅ ይያዝ። ክሩን አጭር አድርጉት፣ ከልጁ ክንድ አይብለጥ። ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ቋጥሩት፣ አለዚያ በየደቂቃው መርፌው ከክሩ እየወጣ «አስገቢልኝ» እየተባላችሁ ትውላላችሁ። መኪና? ስድስትና ሰባት ዓመት ላይ፣ እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ መጀመሪያ ያለ ክር ወረቀት ላይ።

ከዚያ በታች ያለው ልጅም ሥራ አያጣም። የተቆረጠውን ብጣሽ በቀለም ይለይ። ትራስ ውስጥ ሙሌት ይጠቅጥቅ። ላስቲኩን በመርፌ ቁልፍ ስታሳልፉ ከላይ ሆኖ «እዚህ ደርሷል!» እያለ በጣቱ ይከተል። ይህችን የመጨረሻዋን ሞክሯት። ልጅ ከሁሉም በላይ ይህን ይወዳል፣ የተደበቀ ነገር ሲንቀሳቀስ መያዝ።

ስለ ቤተሰቡም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ስፌት የእናት ሥራ ነው ብሎ የመጣ አባት እዚህ ካለ፣ በዓለም ላይ ያሉትን ወንድ ልብስ ሰፊዎች ያስብ። ኤቤኔዘር ባተሪክ ወንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1863 በተለያየ ልክ የተዘጋጀ የወረቀት ቅድ፣ ማለት ጨርቅ የሚቆረጥበትን የወረቀት ልክ፣ መሸጥ የጀመረው እሱ ነው፣ ከመጀመሪያዎቹም ውስጥ የወንድ ልጆች ልብስ ነበረበት። መኪናውን የማይነዳ ደግሞ ይቁረጥ፣ ይተኩስ፣ ካልሆነም ልጁን ይዞ ይውጣ። ሌላው የገንዘብ ነገር ነው። ሰፍቼ እቆጥባለሁ ብላችሁ አትጀምሩ። አዲስ ጨርቅ፣ ክር፣ ዚፕ ሲደመር የተዘጋጀው ልብስ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ቁጠባው ያለው በመጠገን ነው፣ አሮጌውን ለሌላ ነገር በማዋል ነው። እና ትሰፋለች ወይም ይሰፋል ተብሎ ከታወቀ በኋላ ዘመድ ሁሉ የተበላሸ ዚፕ ይዞ ይመጣል። ዚፕ አልሠራም ማለት ነውር አይደለም።

መጠገን ካልኩ ጉልበቱን ልንገራችሁ። የልጅ ሱሪ የሚቀደደው ጉልበቱ ላይ ነው። ሱሪው ገና ሳይገጠም፣ ጨርቁ ጠፍጣፋ ሳለ፣ ከውስጥ በኩል ጉልበቱ ላይ ተጨማሪ ጨርቅ ስፉበት። ከተሰፋ በኋላ ያን ጠባብ እግር መኪና ላይ ማስገባት መከራ ነው። የተቀደደውን ስትጥፉ የጨርቁን ማዕዘን ክብ አድርጉት። ሹል ማዕዘን ቀድሞ ይነሳል፣ ልጁም በጥፍሩ ይጨርሰዋል።

የመጨረሻው ማደጋቸው ነው። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቀዝቀዝ ይላል፣ በዓመት ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር። የሚረዝመው በተለይ እግሩ ነው፣ ወገቡ ብዙም አይሰፋም። ስለዚህ ሱሪ ሳይጠብ በፊት ያጥራል። ስትሰፉ የእግሩን እጥፋት 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር አድርጉት፣ በረጅም ስፌት ያዙት፣ መተርተሩ እንዲቀል። ላስቲኩ የሚገባበትን ቀዳዳ አትድፈኑት፣ በኋላ ላስቲክ ትቀይሩበታላችሁ። እጥፋቱ ሲለቀቅ የድሮው መስመር ነጣ ብሎ ይቀራል፣ በተለይ ጂንስ ላይ። በመታጠብ አይጠፋም፣ አትልፉ። በላዩ ጥብጣብ ስፉበት፣ ወይም ዙሪያውን በደማቅ ክር ጥለፉት። ጥልፉን ለልጅቷ መስጠትም ይቻላል። መስመሩ ተሠርቶ ተቀምጧል፣ እሱን ተከትላ መሄድ ብቻ ነው የሚጠበቅባት፣ ጠማማ ቢሆንም የራሷ ሱሪ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ።